የጋሼ በላቸው ኩባያና መርከብ የመሰለው ቤት

ቻይናን በአንድ ቅዳሜ፣ ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ፣ በራሴ ቫን ደርሼ የተመለስኩ የመጀመሪያው ሐበሻ እኔ ነኝ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ምስክር አለኝ። በእርግጥ ያቺ ቻይና ያለችው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአንድ ጎማ ቤትና በአንድ የልብስ ማጠቢያ መካከል ነው። በእርግጥ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት። በእርግጥ ሁለተኛውን ጊዜ አርፍጄ ነው የደረስኩት። ጀብዱዬ ገና ከመጀመሩ እንዲህ ተሸራርፎ አለቀ። የቀረውን ግን መጻፍ አለብኝ፤ ያረፈድኩት የሰው ጉዳይ ይዤ ነውና።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022፣ በኦገስት ወር ነው። ሰው ጭምብሉን አውልቆ ለመጣል እየፈራ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞርበት፣ ሰላምታ ሲሰጥ እጅ ይዘርጋ ወይስ ክንድ ግራ የሚጋባበት ጊዜ ነበር። ሥራዬ ሕመምተኞችን በቫን ከቤት ወደ ክሊኒክ ማመላለስ ነው። በቀልዴ የስንቱን ሰው የደም ግፊት እንዳወረድኩ ሐኪሞቹ ቢያውቁ ደሞዛቸውን ያካፍሉኝ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳቸው ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስተር ሊም። እኔ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ "ጋሼ ሊም" ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አሁን ነርሷ "ሚስተር ሊም" ብላ ስትጣራ እንዳልሰማ ይሆናሉ፤ "ጋሼ!" ስል ነው የሚነሱት።

የጋሼ ሊም ቅድመ አያት ከደቡብ ቻይና ወደብ በሸራ መርከብ እየተነሱ፣ በገለባ የተጠቀለለ ሳህንና ስኒ ጭነው እስከ ማላያ፣ የዛሬዋ ማሌዥያ፣ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ኋላም እዚያው ቀሩ፤ ልጅ ወለዱ፤ ልጅ በልጅ እየተሰደደ ጋሼ ሊምን ትምህርት ኦሃዮ አመጣቸው። "ጋሼ፣ የመርከበኛ ዘር ሆነው ባሕር የሌለበት አገር እንዴት መጡ?" ብላቸው "መርከቡን ሳልጠይቀው ነው" አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ያገኘሁት፤ ቀልድ የሚመልስ።

ዕድሜ ልካቸውን ምግብ ቤት ነግደው ጡረታ ሲወጡ የተዘጋ የምንጣፍ መሸጫ ገዙ። ፍሎሪዳ ሄዶ ፀሐይ መሞቅ አላማራቸውም። የአያቶቻቸውን የወደብ ቤት የሚመስል ቤት ሊሠሩበት ቆረጡ፤ ታቹ ሻይ ቤት፣ ላዩ የስደተኛ መሰብሰቢያ አዳራሽ። አንድ ቀን ከእጥበት ስመልሳቸው፣ በአገራቸው ማዕበል በመርከብ ላይ የሰበረው ሳህን እንደማይጣል ነገሩኝ። ግንበኛው በፒንሳ እየቀነጠበ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከሩቅ ዓሣ ይሆናል፣ አበባ ይሆናል፣ ማዕበል ይሆናል።

"አንዱን ግድግዳ በከተማው ስደተኛ ሁሉ ሰባራ ነው የምሠራው" አሉ። "ሾፌሬ፣ ከናንተም ሰዎች አምጣልኝ። ከአገር የመጣ፣ የተሰበረ፣ ግን ሰው ሊጥለው ያልቻለ።"

በደንብ ሰማሁ። እንግሊዝኛዬን ማንም አይጠረጥረውም፤ ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች ብታገኘኝ ትቀናብኝ ነበር። ነገር ግን ቃሉን ለእድራችን ሳደርስ እንዳለ አላደረስኩትም። አሳመርኩት።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው፤ የኛ ሰው "ኑ፣ ያለችውን ሽሮ እንቅመስ" ብሎ ከጠራህ ምድጃው ላይ ዶሮ እንዳለ ታውቃለህ። ጋሼ ሊምም "ሰባራ" ያሉት ለትሕትና ነው አልኩ። የሰው ቤት ምረቃ ሰባራ ተይዞ ይኬዳል? ስለዚህ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ "ከየቤቱ አንድ አንድ ስኒ፤ አዲስ፣ ያማረ፣ አገር የሚያኮራ!" ብዬ አወጅኩ።

እትዬ ወርቄ እጃቸውን አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሂሊያርድ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ባላቸውን ጋሼ በላቸውን በኮሮና ያጡ ሴት ናቸው።

"የበላቸው ኩባያ አለች" አሉ። "ክዳኗ የለም፣ ጆሮዋም ወልቋል። እሷን ባመጣስ?"

"እትዬ! ጆሮ የሌለው ኩባያ ለምረቃ? ሐበሾች ቆሻሻ መጣያ አጥተው መጡ ይበሉን?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ወርቄም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ከሌላው ቀድሞ ማለቁን አይቻለሁ፤ ግን ጭብጨባ ላይ ነበርኩ።

ከሂሊያርድ ስንነሳ

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ወርቄን ከበራቸው ላይ ፒክ አደረግኳቸው። ከእድሩ የተሰበሰበው ስኒ በካርቶን ሆኖ ከኋላ ተቀምጧል። የቀረው የእሳቸው ብቻ ነው፤ ፖላሪስ ቆመን ልንገዛ ተባብለናል። በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። የቤንዚን ዋጋ በጋሎን አራት ዶላር አካባቢ ነበር፤ ቫኔን ስሞላ እንባዬ ከቤንዚኑ እኩል ይወርድ ነበር።

የሂሊያርድን መጋዘኖች አልፈን 270 ሃይዌይ ላይ ወጣን። ግማሹ የኛ ሰው በነዚያ መጋዘኖች እቃ እየለቀመ ነው የሚኖረው፤ አንዱን ሕንፃ ባለፍን ቁጥር እትዬ ወርቄ "እዚህ የነ እገሌ ልጅ አለች" እያሉ ይመርቁታል። መጋዘኑ አልቆ የበቆሎ ማሳ ሲመጣ ምርቃቱ ቆመ።

"አንተ ጌታሁን።"

"አቤት እትዬ።"

"ሰሞኑን መቃብሩ ጋ ሄጄ ነበር። አበባ አስቀምጬለት ነበር እኮ፣ አንስተውታል።"

"ለሣር ማጨጃው ብለው ነው። ድንጋዩ መሬት ላይ የተኛው ማሽኑ እንዲያልፍበት ነው።"

"በላዩ ያልፋል?"

"ያው… አይጎዳውም።"

ጋሼ በላቸው የሞቱት በመጀመሪያው የኮሮና ክረምት ነው። እትዬ ወርቄ የተሰናበቷቸው ነርስ በያዘችላቸው ስልክ ነበር። ቀብሩን ያየነው መኪናችን ውስጥ ተቀምጠን፣ መስኮት ዘግተን፣ በረዶውን በዋይፐር እየጠረግን ነው። ማንም ማንንም አላቀፈም። ድንኳን የለ፣ ፍራሽ ላይ መቀመጥ የለ።

"እኔማ" አሉ እትዬ ወርቄ፣ "ያቺ ኩባያ እዚያ ግድግዳ ላይ ብትለጠፍልኝ ብዬ ነበር። አላፊ አግዳሚው እያያት… አንድ የቆመ ነገር ይኑረው ብዬ።"

ኩባያዋን እኛ ሁላችን እናውቃታለን። ጋሼ በላቸው በወጣትነታቸው ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ግሬደር ይነዱ ነበር። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቻይናዊ ቀያሽ ሻይ የሚጠጣበትን ባለ ክዳን ኩባያ ሰጣቸው፤ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ዓሣ ያለበት። ልጃቸው ዲቪ ደርሷት ወጥታ ኋላ ወላጆቿን ስታመጣ፣ ክዳኑ ሻንጣ ውስጥ ተሰበረ። ጆሮውን ደግሞ የሂሊያርድ እቃ ማጠቢያ ማሽን በላው። ጋሼ በላቸው ሌላ ኩባያ እንቢ አሉ። ሻዩ ሲያቃጥል ኩባያዋን ካልሲ ያለብሷትና ይጠጡ ነበር፤ ንጹሕ ካልሲ ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ያኔ መኪናውን ማዞር ነበረብኝ። ገና ከቤታቸው ብዙ አልራቅንም። እኔ ግን፣ "እትዬ፣ በአዲሱ ስኒ ላይ ስማቸውን በልባችን እንጽፍበታለን" አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ለራሴም ጥሩ ይመስለኛል።

ፖላሪስ

ፖላሪስ የገበያ አዳራሽ አይደለም፣ ክፍለ ሀገር ነው። ፓርክ ያደረግንበትን ቦታ ለማስታወስ ኮከብ ቆጣሪ ያስፈልጋል። የእድሩ ሰው ሁሉ ስኒ የገዛው ከአንድ ሱቅ ነው፤ እኔ ስለመከርኳቸው። ነጭ፣ አፉ ላይ ወርቃማ መስመር ያለው፣ አራቱ አንድ ላይ በሃያ ምናምን ዶላር።

"አንድ ብቻ አይሸጡም?" አሉ እትዬ ወርቄ።

"ሦስቱን እንግዳ ይጠጣባቸዋል።"

ስኒውን ገለበጡና ታቹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ቻይና ነው የተሠራው?"

"አዎ።"

"ከቻይና መጥቶ፣ ለቻይና ሰው ልንሰጠው?"

"ዘመድ ይጠይቅ እትዬ፣ እቃም እኮ ይናፍቃል!"

ገንዘብ ተቀባይዋ ምን እንዳሳቀን አልገባትም፤ አብራን ሳቀች። እትዬ ወርቄ ስኒውን በወረቀት ጠቅልለው ከካርቶኑ ውስጥ ሲጨምሩት እጃቸው ላይ ያየሁት ጥንቃቄ ትዝ ይለኛል። ለማያውቁት ስኒ ያን ያህል መጠንቀቅ።

ቤቱ

ከሃይዌይ ወርደን፣ የጎማ ቤቱን ስናልፍ ብቅ አለ። ኤሪ ሐይቅን ፈልጎ መንገድ የሳተ መርከብ ይመስላል። የጣሪያው ጫፍና ጫፍ እንደ መርከብ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተቀልብሷል፤ ጫፉ ደግሞ እንደ ወፍ ጅራት ለሁለት ተሰንጥቋል። ታቹ በቀይ ጡብ ምሰሶ የቆመ ረጅም መተላለፊያ አለው፤ ዝናብና ፀሐይ ሳይነካህ ከሱቅ ሱቅ ትሄዳለህ። ላዩ ግን ሌላ አገር ነው፤ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው የፈረንጅ መስኮቶች፣ በዙሪያቸው የኖራ አበባ።

"ይሄ ቻይና ነው ፈረንጅ?" አሉ እትዬ ወርቄ።

ጋሼ ሊም በከዘራቸው ተደግፈው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ጥያቄውን ተረጎምኩላቸው። ባሕር ማዶ ከርሞ ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ሰው፣ ያየውን ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ካልለጠፈ አያርፍም ነበር አሉ። ለእትዬ ወርቄ "እንደኛ ዲያስፖራ ቪላ ነው፤ ምሰሶው ከግሪክ፣ መስታወቱ ከዱባይ" ብዬ አስተላለፍኩ። ገባቸው።

ከውስጥ መሀሉ ጣሪያ የለውም፤ ዝናቡ ገብቶ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል። ጋሼ ሊም ወደ ላይኛው አዳራሽ እየጠቆሙ፣ በድሮ ጊዜ እንዲህ ባለው ቤት ከመርከብ ለወረደ እንግዳ አልጋ ይሰጠው እንደነበር፣ ዘመድ የሌለው ሲሞትም ማኅበሩ ሳጥን ገዝቶ እንደሚቀብረው ነገሩን።

"እድር ነዋ!" አሉ እትዬ ወርቄ ደስ ብሏቸው። "በለው፣ እኛም አለን በለው።" ነገርኳቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ ተሳሳቁ።

ከዚያ ግድግዳው ጋ ደረስን። ከወለል እስከ ጣሪያ ማዕበል ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፤ ተጠግተህ ስታየው እያንዳንዱ የማዕበል ቅርፊት የሰው ሳህን ነው። አንዱ ላይ ግማሽ ጽጌረዳ፣ አንዱ ላይ የማላውቀው ፊደል፣ አንዱ ላይ በቢላ የተፋቀ መስመር። የጋሼ ሊም የእህት ልጅ የሆነው ግንበኛ ከማሌዥያ መጥቶ ነው የሠራው። ፒንሳውን ይዞ መወጣጫው ላይ ቆሟል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ከታች በኩል የመሶብ ክዳን የምታህል ባዶ ቦታ ትቷል።

"የናንተ ናት" አሉ ጋሼ ሊም።

ካርቶኑን ከፈትኩ። ነጭ በነጭ፣ ወርቅ በወርቅ። እንደ ሙሽራ ጥርስ ተደርድሮ ያበራል። ግንበኛው ወርዶ አንዱን አነሳ፤ በጥፍሩ መታው፤ ቅጭል አለ። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ።

"ይህን ማን ሰበረው?" አሉኝ ጋሼ ሊም።

"ማንም! አዲስ ነው!"

"ማን ጠጣበት?"

"ማንም አልነካውም ጋሼ፣ ንጹሕ ነው!"

ጋሼ ሊም ወደ ግድግዳው ዞሩ። በከዘራቸው ጫፍ አንዱን ቅርፊት ነኩ። የአንዲት የኔፓል ሴት ነው፤ የእናቷ ጎድጓዳ ሳህን፣ ልጇ ተቀምጦበት የተሰበረ። ሌላውን ነኩ፤ የአንድ የሜክሲኮ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ተጣልተው እሷ የወረወረችው፣ ከታረቁ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ያመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ በቁጣ ሳይሆን ግራ በገባው ድምፅ፣ "ብሮክን ነው ያልኩህ" አሉ።

ያቺን አንዲት ቃል እትዬ ወርቄ መተርጎም አላስፈለጋቸውም። የእቃ ማጠቢያው ማሽን፣ የቴሌቪዥኑ፣ የጉልበታቸው ስም ናት፤ በየቀኑ ይሰሟታል።

"ሰባራ ነው ያለው?"

"አዎ እትዬ።"

"ዛሬ ነው እንዲህ ያለው፣ ከመጀመሪያው?"

"ከመጀመሪያው።"

ግድግዳውን አዩ። ባዶዋን ቦታ አዩ። እኔን አላዩኝም። ወደ ጋሼ ሊም ጠጋ ብለው በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ "ዌይት። ማይ ሃስበንድ። ብሮክን። አይ ብሪንግ" አሉ። ቆይልኝ፣ የባሌ ሰባራ አለ፣ ላምጣ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ደግሞ በኩባያ ቅርፅ አድርገው አሳዩ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም።

ግንበኛው ስልኩን አየ። ኖራውን በጣቱ ነካ። አቡክቶ ጨርሶታል፤ ደጋግሞ ውሃ ቢጨምርበትም ከተወሰነ ሰዓት በኋላ አይዝም፤ አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቅም። "የቻልኩትን ያህል" አለ።

ወደ ኋላ

የብርቱካን ቀለም ያለው የመንገድ ሥራ በርሜል የኦሃዮ ብሔራዊ አበባ መሆን አለበት። ስንመጣ ያልነበረ በርሜል ስንመለስ ሁለት መስመር ዘግቶ ጠበቀን። ከፊታችን ጀልባ የሚጎትት መኪና ነበር፤ ባሕር የሌለበት አገር፣ ጀልባ መንገድ ዘጋብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት እቀልድ ነበር። አንድ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ፤ እትዬ ወርቄ ዳቦውን መስጠት ረስተው አሁንም ጭናቸው ላይ ይዘውታል፤ መልሼ ዘጋሁት።

ቤታቸው ደርሰን እየሮጥን ገባን። መደርደሪያው ላይ ኩባያዋ የለችም። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የለችም። ማቀዝቀዣው ላይ የለችም። እትዬ ወርቄ ወንበር ላይ ተቀመጡና የልጅ ልጃቸውን ሊያን ኮል አደረጓት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። ሊያ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት።

"ሊያዬ፣ የባባን ኩባያ አይተሻል?"

"ግራንድማ፣ እኔ ጋ ናት! ዩ ሴድ ኢት ዋዝ ጋርቤጅ! የቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ ጥለሻት አይቼ ነው የወሰድኳት።"

እትዬ ወርቄ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ሳቅ ተመልሰው ነው ኩባያዋን ከቆሻሻ ከረጢት የጨመሩት፤ ከቤተሰቡ አንዱ አውጥቷት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው አሁን የሮጡት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሒሳቡን እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ራሴ ሠራሁት። ጭብጨባው እስከዚህ ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት

ተማሪ ሁሉ ወደ ኪራይ ቤቱ የሚገባበት ቅዳሜ ነበር። በየመንገዱ ፍራሽ የተሸከመ መኪና፣ በየሣሩ ላይ ሶፋ፣ በየሶፋው ላይ የደከመ አባት። መንገዶቹ ሁሉ ባለ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ አቅጣጫቸው ደግሞ ሁልጊዜ እኛ ከምንሄድበት በተቃራኒ ነው። በመጨረሻ እትዬ ወርቄ በሩን ከፍተው ወረዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው "ብሮክን" የሆነ ሴት፣ በፍራሾች መካከል ነጠላቸውን ታጥቀው ሲሮጡ አየሁ። ሊያም ከወዲያ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

ውስጧ የነበረውን የቀለም ብሩሽ አውጥታ ኩባያዋን ሰጠቻቸው። "ግራንድማ፣ ፕሊዝ፣ እንዳትሰብሪያት።"

"ልትሰበር ነው የምትሄደው" አሉ እትዬ ወርቄ። "በክብር።"

እኔ ጥሩንባ ነፋሁ።

ሁለተኛው መድረስ

መርከቡ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ብቅ ሲል ጥላው ረዝሞ ነበር። የግንበኛው ቀይ ሻንጣ በር ላይ የለም። መወጣጫው ተነቅሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ጋሼ ሊም ብቻቸውን፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

የመሶብ ክዳን የምታህለዋ ቦታ ተሞልታለች። ማዕበሉ ሲወርድ ሲወርድ ይመጣና፣ እዚያ ሲደርስ ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ወርቃማ መስመር ያለው። ግንበኛው የኛን አዲስ ስኒ አንድ በአንድ ሰብሮ ለጥፎታል።

"ጠበቃችሁ" አሉ ጋሼ ሊም። "ሁለቴ መንገድ ላይ ወጥቶ አየ። ኖራው ግን አልጠበቀም። ባዶ ትቶ መሄድ ደግሞ አይሆንም፤ ግድግዳ ባዶ አፍ ይዞ አያድርም።" ቀጥለው፣ "እዚያ አገሩ፣ አዲስ እቃ ሰብሮ አያውቅም። እያዘነ ነው የሰበረው" አሉ።

እትዬ ወርቄ ጣታቸውን ሰደዱ። ኖራው ይቀዘቅዛል፤ ጥፍራቸውን ግን አላስገባም።

"ትንሽ ነቅለን…" አልኩ።

"ጎረቤቶቹ ይሰበራሉ" አሉ ጋሼ ሊም። ጎረቤቶቹ የኔፓሏ እናት ሳህንና የሜክሲኮው ጠብ ናቸው።

ጋሼ ሊም ኩባያዋን ተቀብለው ገለበጡ። ታቿ ላይ ያለውን የደበዘዘ ጽሑፍ አነበቡ፤ የሠራትን ከተማ ያውቁታል። በዓሣው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ። መግቢያው ላይ በመስታወት መደርደሪያ ሊያስቀምጧት፣ ስም ሊጽፉባት ጠየቁ። ተረጎምኩ፤ በዚህ ጊዜ ቃል በቃል።

"መደርደሪያ ቤቴ አለ" አሉ እትዬ ወርቄ። "እግዜር ይስጥልኝ በለው። እኔ የፈለግሁት እንዳይነሳ ነበር።" ዳቦውን ከነፎይሉ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ከዚያ ግድግዳውን፣ ያቺን ነጭ አረፋ፣ ረጅም ጊዜ አዩና፣ "ያምራል" አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂሊያርድ

ስንመለስ በርሜሎቹ ባዶ መንገድ ይጠብቁ ነበር። እትዬ ወርቄ ኩባያዋን ከቀበቶው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ይዘዋታል። መጋዘኖቹ ሲመጡ ማንንም አልመረቁም። በራቸው ላይ ሲወርዱ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

"ጌታሁን፣ አንተ ክፋት የለብህም" አሉኝ። "ማሳመር ግን ትወዳለህ።"

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ።"

"ብዬሃለሁ። ግባና ብላ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመስክም።" እንቢ ብዬ አልገባሁም።

ሰኞ ጋሼ ሊምን ወደ እጥበት ስወስድ ከኋላ ወንበር ሆነው ዳቦውን አመሰገኑ፤ ግማሹን ለነርሶቹ እንደሰጡ ነገሩኝ። ቀጥለው፣ "ሾፌሬ፣ የአንተስ ሰባራ? ያንተን አላየሁም" አሉ።

አንድ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልተናገርኩትም፤ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። እሳቸውም አልደገሙም።

ጉዞ ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ሰው ያለህን ቃል እንዳለ አድርስ፣ ትርፉን ለራስህ ያዝ እላለሁ። ግን የራሴ ሰባራ እንደሌለኝ ያወቅሁት ሰኞ አይደለም። ጋሼ ሊም ሰባራ አምጣልኝ ባሉኝ ዕለት ቤቴ ገብቼ ፈልጌ ነበር። ቁም ሳጥኑን፣ ጋራዡን፣ ከአልጋ ሥር። ሳህኑም፣ ስኒውም፣ ማንኪያውም ሁሉም ከዚሁ ሱቅ ነው። የመጣሁበትን ሻንጣ እንኳ ቤት ስቀይር መንገድ ዳር አውጥቼ ጥዬዋለሁ። "አዲስ አምጡ" ብዬ ያወጅኩት ለሐበሻ ክብር አልነበረም። እዚህ ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ከአገሬ የመጣ አንድ ሰባራ ስኒ ቤቴ ውስጥ የለኝም።